ተራዬ

«ስም?» አልኋት ከመስኮት፣ ቅጹን ዘርግቼ፣
የደረቀ ብዕሬን በመዳፌ አሽቼ።
«ተራዬ» አለችኝ።
«ተራሽማ ደርሷል፤ ማንም አልቀማሽ፤
እኔ የጠየቅሁሽ፣ ማን ነው የሚሉሽ?»
«ተራዬ ነው የሚሉኝ።»
ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀች፤
ይችን ሳቅ ከእናቷ ጡት እኩል ታውቃለች።
ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣
ካፊያ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ቆመች ታግሳ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሐይቅ ከተማ ላይ ስም ስጽፍ፣
ስንቱን አየሁ ሲያልፍ!
ፋጡማ ብቻዋን ሦስት መዝገብ ሞልታለች፣
ዘሐራ ከኋላዋ ትከተላለች፤
ሰይድማ ሲሉኝ እጄ ሳላዘው ይጽፋል፤
አንዳንዱ ዓመት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሐያት ይወልዳል።
አባት እንድሪስ ተብሎ ልጅ ገብረ ማርያም ቢባል፣
ወሎ ነው፣ ማን ይደንቀዋል?
ተራዬን ግን፣ ወላሂ፣ በእርሳስም በቀለም
ጽፌ አላውቅም።
የድሮውን ማውጫ ከመደርደሪያው አወረድሁ፣
አቧራውን እፍ ብዬ «ተ»ን ፈለግሁ፤
ተመስገንን አልፌ፣ ከተረፈ ወርጄ፣ ተሰማ ላይ ደረስሁ።
በሁለቱ መሃል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር፤
ሰው ግን አልነበር።

«ከየት መጣ?» አልኋት፤
ወረፋው አጉረመረመ፣ እኔም ተረሳኝ ሰዓት።

«ነሐሴ ነው አሉ፤ ከየቤቱ ዱቄት አልቆ፣
የጋሽ ይማም ወፍጮ በናፍጣ እጦት ሰንብቶ ደርቆ፣
ሞተሩ ሲነሳ ሴት ሁሉ ከነቁናዋ ወጣች፤
እናቴም እኔን በሆዷ፣ ማሽላዋን በጀርባዋ ይዛ መጣች።
ጎህ ሳይቀድ ተሰልፋ፣
ሰባት ሰው ብቻ ሲቀራት ምጧ መጣ እየገፋ።
"ወደ ቤት!" አሏት። "አልሄድም፤ ተራዬ ነው!" አለች፤
ምጡ ሲይዛት "ተራዬ!"፣ ሲለቃት "ተራዬ!" እያለች
ጆንያ ላይ ወለደች።
የትኛውን ተራ እንዳለች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤
ዱቄት የነካው እጅ ነው እትብቴን ያሰረው አሉ።

አባቴ ሙሄ ግን "እኔ ነኝ ያወጣሁት" ባይ ነው፤
"ወንድሞቼ ሁሉ ወልደው፣ ልጃቸው በስም ሲጠራ፣
ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ ደረሰ የእኔም ተራ።"
አጎቴ ሽፈራው ደግሞ፣ ትንሽ ፊደል የቀመሰው፣
"ድሮ ተራራ ነበር፤ አንዱን ራ ሰው ዋጠው"
ብሎ ይምላል በጤናው።

ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጻፈና
"ተራ፦ መናኛ፣ እንደማንም የሆነ" አለና
ክፍሉን አሳቀብኝ።
እያለቀስሁ ስገባ እናቴ እጇን አራግፋ፣
"አብሽሪ፤ ጨውም ተራ ነው፣ ስሙ የሚነሳ ሲጠፋ"
አለችኝ።
ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ዘይት ልገዛ ብሰለፍ፣
"ተራዬ!" እያለ ሰው ከሰው ጋር ሲላተም፣ ሲጋፍ፣
እኔ ዘወር እላለሁ፤
ስንቱን ጠበኛ "አቤት" ብያለሁ!»

እኔም ሳቅሁ። «ታዲያ ልትቀይሪው ነው?» አልሁ፤
ብዕሬን አነሳሁ።
በአንድ ጣቷ ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው፤
«ይኼ የልደት ነው።
እኔ የመጣሁት ለእናቴ። ሐሙስ ቀበርናት።»

ወረፋው ዝም አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ቆማ ስትከልለኝ ኖረች፤
ሐሙስ ዕለት መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ ገባች።
አሁን ከፊቴ ሰው የለም።»

ሌላውን ቅጽ ከመሳቢያ ሳብሁ።
የሟች ስም፦ ዙሪያሽ አደም።
የአስመዝጋቢ፦ ተራዬ ሙሄ። ጻፍሁ።
ማኅተሙን መታሁ፣ እስኪደርቅ እፍ አልሁ፤
ወረቀቱን አራት አጥፋ ከጉያዋ ከተተችው፣
«አላህ ይስጥህ» ብላኝ፣ መስኮቱን ለቀቀችው።

«ቀጣይ!» አልሁ።
ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ ክርኑን አሹሎ፣
«ተራዬ ነው!» ሲል ጮኸ፣ ሰውን ገለል ገለል አድርጎ፣ ተቻኩሎ።

በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዘወር አለች።
«አቤት?» አለች።